ጨው ያስነካሁት ደወል

በሩን ስከፍትለት አፌ ውስጥ ስድስት እስፒል ነበር።

የምሰፋው ቀሚስ ክንዴ ላይ፣ ሜትሩ አንገቴ ላይ፣ እስፒሎቹ ከንፈሬ መሃል። ደጃፉ ላይ የቆመው ረጅም ሰውዬ ያረጀች የቆዳ ቦርሳ አንግቷል።

«ደወል የተበላሸበት ቤት ይሄ ነው?» አለኝ።

ራሴን ነቀነቅኩ።

«ጭራሽ አይጮህም ወይስ አንዳንዴ ይጮሃል?»

ትከሻዬን ሰበቅኩ። ሰውዬው ትንሽ አየኝና ፊቱ በሐዘኔታ ተለወጠ። ከዚያ ጣቱን ወደ ጆሮው፣ እጁን ወደ አየር እያነሳ፣ «ድን...ግ! ድን...ግ!» እያለ በምልክት ያስረዳኝ ጀመር። ሳቄ መጣ። እስፒል ይዞ መሳቅ ደግሞ ጉድ ያፈላል! ዞር ብዬ መዳፌ ላይ ተፋኋቸው።

«እሰማለሁ እኮ! እናገራለሁም!»

«ይቅርታ እህቴ... እኔ እኮ...» ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። «እስፒል የሚበላ ሰው አይቼ ስለማላውቅ ነው።»

ፍቅራችን የተጀመረው እንዲህ በጅልነት ነው። ያለቀውም በጅልነት ነው፤ የመጨረሻው ጅልነት ግን የኔ ብቻ ነው። ይሄንን ከወዲሁ የምነግራችሁ፣ ለኔ ለማዘን እንዳትቸኩሉ ብዬ ነው።

ያኔ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የምሠራው ቤቴ ውስጥ፣ በጓሮ በኩል ባለችው ክፍል ነው። እናቴን ስትሮክ መትቷት ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ ካላት ሁለት ዓመት ሆኗታል። ምላሷም ተሳስሮ ቃል በቃል፣ ፊደል በፊደል ነው የምታወራው። የስፌት መኪናው ሲነሳ ነጎድጓድም ቢሆን አይሰማኝም። ስለዚህ ታላቅ ወንድሜ አንድ ዘዴ ዘየደ። በግራ እጇ አጠገብ አንዲት መጫኛ ቁልፍ ተደረገላት፤ ሽቦዋ በግድግዳው ሄዶ ከራሴ በላይ ደወል ይደውላል። ስትጫነው እሰማለሁ፣ ጥዬው እሮጣለሁ። ያቺ ደወል የእናቴ አፍ ነበረች።

የሰፈሩ ሰው የመብራት ሠራተኛውን «ቀስ በል» ይለዋል። ሠርግ ላይ አምፖል እንዲሰቅል የጠራ ሰው ለልጁ ልደት ይደርስለታል ብለው ያሙታል። እውነትም ቀርፋፋ ነው። ግን አንዴ የነካው ነገር ሁለተኛ አይበላሽም ይባልለት ነበር። ይሄንንም ልብ በሉልኝ።

የቁልፏን ክዳን ፈቶ ወደ መስኮቱ ወሰደኝ።

«አየሽ? እነዚህ ሁለት ብረቶች ሲነካኩ ነው ደወሉ የሚጮኸው። ኮንታክት እንላቸዋለን። መሃላቸው ይሄ አረንጓዴ ዝገት ከገባ፣ እናትሽ ቢጫኑት ቢጫኑት መብራቱ አይሻገርም።»

«ከየት መጣ?»

«ከእጅ ላብ። ከግድግዳው እርጥበት። ከካውያሽ እንፋሎት።»

«ታዲያ በቢላ ፋቅ ፋቅ አድርገው!»

«ኧረ ቀስ በይ!» ሕፃን ልጁን ልነጥቀው የመጣሁ ይመስል ቁልፏን ወደ ደረቱ አስጠጋት። «ቢላም ብርጭቆ ወረቀትም የላዩን ንጣፍ ገፎ ነው የሚጥለው። ከዚያ ወዲያማ በሳምንቱ ይዝጋል።»

መጀመሪያ ባትሪዎቹን አወጣ። በጥጥ ጫፍ አቼቶ ነክሮ አረንጓዴውን አለሰለሰ፤ በውሃ እርጥብ ባለ ጥጥ አቼቶውን ጠረገ፤ በተማሪ ላጲስ ብረቱን እስኪያበራ አሸው። ከዚያ አልኮል። ከዚያ ቁጭ ብሎ ጠበቀ።

«ምን እየጠበቅክ ነው?»

«እስኪደርቅ።»

«ደርቋል እኮ!»

«የደረቀ መስሎሽ ነው።»

ሩብ ሰዓት ሙሉ ጠበቀ። መጨረሻ ላይ በክብሪት እንጨት ጫፍ ብናኝ የምታህል ቫዝሊን ወስዶ ስስ አድርጎ ቀባው። «ቫዝሊኑ እርጥበቱን ያግደዋል። ግን ከታጠበና ከደረቀ በኋላ ነው የሚቀባው። ቆሻሻው ላይ ከቀባሽው ቆሻሻውን ነው የምትጠብቂለት።»

ወደ እናቴ ጎንበስ አለ። «እማማ፣ እስቲ ይሞክሩት።»

ደወሉ ቤቱን አናጋው። እናቴ በሚታዘዛት በግማሽ ከንፈሯ ሳቀች። እሱ ደግሞ ኩራት ኩራት እያለው ቦርሳውን ዘጋ።

«በቃ! ከእንግዲህ እስከ ዓመት አታዩኝም!»

ደስ የሚል ዜና መንገሩ ነበር። እኔ ግን ቅር አለኝ። ዓመት? ምነው ዓመት?

ሁለት ሳምንት ታገስኩ። መንገድ ላይ መሰላል ጫፍ ላይ ቆሞ አየዋለሁ፣ እጁን ያነሳልኛል፣ በቃ። ወንድ ልጅ ጠርቶ «ና ሻይ ጠጣ» ማለት ለኔ ተራራ መግፋት ነበር። ልብስ ለማስለካት የመጣን ሰው እጅ አንሳ፣ ዙር፣ ቁም እላለሁ፤ የልቤን ልናገር ስል ግን ምላሴ ከእናቴ ምላስ የባሰ ይተሳሰራል።

አንድ ማክሰኞ ቁልፏን ፈታኋት። ቫዝሊኑን በጨርቅ ጠረግኩት። ጨው ያሟሟሁበት ውሃ ውስጥ ጣቴን ነክሬ ሁለቱን ብረቶች አስነካኋቸው።

እናቴ እያየችኝ ነበር።

«ም...ን?»

«ምንም እማ። ላጸዳው ብዬ ነው።»

የወለደች እናት አትታለልም። በጨው ውሃ የረጠበውን ጣቴን አየች፣ ፊቴን አየች፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። «ጥ...ሪ...ው» አለችኝ።

ጨው ቶሎ አይሠራም። ማክሰኞ ያስነካሁት ደወሉን የሚያፍነው ሐሙስ ወይ ዓርብ ነው። በየጠዋቱ እሞክረዋለሁ። ዝም ያለ ቀን መኪናዬን ሳላስነሳ የብረት ትሪና ማንኪያ በግራ እጇ አጠገብ አስቀምጥላትና እሱን አስጠራዋለሁ። ያለ መጥሪያ ትቻት አላውቅም። ቢያንስ እንደዚያ ነበር የማስበው።

ሲመጣ ግራ ገባው። «ይሄ ቤት ባሕር ዳር ነው እንዴ?» አለ። ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ የውሃ ቧንቧ አዳመጠ። አጸዳ፣ አደረቀ፣ ቀባ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠራ ቁልፏን በቀጭን ላስቲክ ጠቅልሎ አሰራት። ላስቲኩንም ፈታሁት። ለአራተኛ ጊዜ ሲመጣ ፊቱ ላይ እፍረት አየሁ። ሥራው በእጁ ላይ ሲበላሽበት የመጀመሪያው ነበር። ያኔ እንኳን ልተወው አይገባኝም ነበር?

እስኪደርቅ ድረስ ግን እናወራለን! ሩብ ሰዓቷ ግማሽ ሰዓት ሆነች። እናቴ አልጋ አጠገብ ቁጭ ብሎ የሰው ቤት ጉድ ይነግራታል።

«እማማ፣ ትናንት አንዱ ቤት ፍሪጁ ተበላሸ ብለው ጠሩኝ። ብከፍተው የሰውዬው ጫማ ውስጡ!»

እናቴ እንባዋ እስኪፈስ ትስቃለች። እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜ የማልሰፋውን ጨርቅ እያጠፍኩ እዘረጋለሁ። እናቱ በልጅነቱ ነው የሞተችበት። የእናቴን ትራስ ሳትነግረው ያስተካክልላታል።

ለአራተኛ ጊዜ በመጣበት ቀን ልሸኘው ወጣሁ። ደጃፉ ላይ ቆመ። ቦርሳውን ካንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ?»

«ጠይቀኝ።»

«ደወሉ... ባይበላሽም መምጣት እችላለሁ?»

ሁለት ወር የጓጓሁለት ቃል! ጆሮዬ ጋለ። አዎ ማለት ነበረብኝ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ምን ያህል እንደፈራሁ እንዳያውቅብኝ ብዬ ሳቅኩና፣

«ደወሉ ሲበላሽ ና!» አልኩት።

ቀልድ ነበር። እሱ ግን አልሳቀም። ቀስ ብሎ መሬት መሬቱን አየ።

«እሺ... ገባኝ እህቴ» አለኝ። ሄደ።

ከዚያ በኋላ አንድ ወር ሙሉ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ «ደህና ዋልሽ እህቴ» ከማለት በቀር ቃል አልተነፈሰም። ያቺ «እህቴ» እንደ እስፒል ወጋችኝ። ሄጄ «ቀልዴን ነው» ማለት ሲገባኝ፣ ማክሰኞ ጠዋት የጨው ውሃዬን ይዤ እናቴ ክፍል ገባሁ።

የዚያን ቀን እናቴ አልሳቀችም። በግራ እጇ እጅጌዬን ያዘችኝ።

«ን...ገ...ሪ...ው።»

«እሺ እማ። ይቺን ብቻ። ሲመጣ እነግረዋለሁ፣ በሞትሽ!»

በሞትሽ አልኳት። አፌ ብሎታል።

ረቡዕ ጠዋት ደወሉን ሞከርኩት፤ ጮኸ። ስለዚህ ትሪውን አላስቀመጥኩላትም። ጨው ሐሙስ ወይ ዓርብ ነው የሚይዘው ብዬ በራሴ ሒሳብ ተማምኜ። ከምሳ በኋላ መኪናዬን አስነሳሁ። የሠላሳ ተማሪ ዩኒፎርም ነበረብኝ። ዛሬ እማ እንዴት ጥሩ እንቅልፍ ወሰዳት እያልኩ፣ ሲመጣ ምን ብዬ እንደምነግረው እያሰብኩ፣ እስከ አሥር ሰዓት ሰፋሁ።

ሻይ ይዤላት ገባሁ።

ፊቷ ወደ በሩ ዞሮ ነበር። አውራ ጣቷ ቁልፉ ላይ ነበር። ከጣቷ ላይ ላላቅቃት ስል፣ ምን ያህል አጥብቃ እንደተጫነችው እጄ አወቀ።

ሐኪሙ «ሁለተኛው ስትሮክ ከባድ ነው፤ ብትደርሺም ላታተርፊያት ትችያለሽ» አለኝ። ላተርፋት አልችል ይሆናል። እጇን ግን እይዛት ነበር። ብቻዋን በሩን እያየች አትሄድም ነበር።

በለቅሶው በሦስተኛው ቀን ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሳለ ወንድሜ እናታችን ክፍል ገብቶ ቁልፏን ከነሽቦዋ ነቅሎ ወጣ። ክዳኗን ፈልቅቆ ከፈታት። ውስጧ አረንጓዴ ነው። «ቀስ በል» ከለቀስተኞቹ መሃል ተቀምጧል።

«ይሄን የሠራኸው አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«እይ! እየው እስቲ! እናቴ ይሄንን እየተጫነች ነው የሞተችው! አንተ ነህ የገደልካት!»

ተነስቶ ቁልፏን በሁለት እጁ ተቀበለ። ወደ መስኮቱ ወስዶ እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ መረመራት። ከዚያ ራሱን ደፋ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «ሳይደርቅ ቀብቼው ነው የሚሆነው።»

ቀና ብሎ አንዴ አየኝ። አንድ ጊዜ ብቻ። እሱ ያልደረቀ ነገር እንደማይቀባ ከኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። «ጋሽዬ፣ እሱ አይደለም» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እኔ ግን ወለሉን አየሁ።

ዝም አይነቅዝም ይላል ሰው። የኔ ዝምታ እዚያው በቆምኩበት ነቀዘ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እሱ ሳይሰማ ስሙ በየቤቱ ተወራ። «ሴትዮዋን ያስገደለው» አሉት። አምፖል የሚያስቀይረው ጠፋ። ብዙም ሳይቆይ ሲሚንቶ መጋዘን ውስጥ ከረጢት እያወረደ ነው ሲሉ ሰማሁ። ያ በጥጥ ጫፍ የሚሠራ እጅ!

ሁለት ወር ቆይቼ ሄድኩ። የሚኖረው ከአንድ ጋራዥ በላይ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። በሩን ሲከፍትልኝ ከስቷል፤ ቅንድቡ ላይ ሲሚንቶ አለ።

«ግቢ» አለኝ። ሌላ አልጨመረም።

ጠረጴዛው ላይ አሥራ ሁለት የኮንታክት ብረቶች በረድፍ ተደርድረዋል። ከሥራቸው ወረቀት አለ፤ ቀን፣ ሰዓት። «አምስት ደቂቃ የደረቀ»። «ሁለት ደቂቃ የደረቀ»። «ያልደረቀ»። አጠገባቸው ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ውሃ አለ፤ ሁሉንም በላስቲክ ሸፍኗቸዋል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ጥፋቴን እየፈለግኩ ነው።» ድምፁ ደክሟል። «በየማታው ውሃውን አሞቅላቸዋለሁ፣ በእንፋሎት አፍናቸዋለሁ። ሁለት ወራቸው። ያልደረቀው ራሱ ትንሽ ደብዘዝ ከማለት በቀር እንደዚያኛው አረንጓዴ አልሆነም። ታዲያ እናትሽ ቤት ምን ነካኝ? ንገሪኝ እስቲ... እጄ ምን ሆኖ ነው?»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«እጅህ ምንም አልሆነም። እኔ ነኝ... ቫዝሊኑን ጠርጌ ጨው ያስነካሁት እኔ ነኝ።»

«ምን አልሽ?»

«አራቱንም ጊዜ። የመጨረሻውን ጨምሮ።»

«ጨው? ለምን?»

«እንድትመጣ።»

ከታች ጋራዡ ውስጥ አንድ ሰው ብረት ይቀጠቅጣል።

«መምጣት እችላለሁ ብዬ ጠይቄሽ ነበር እኮ» አለ በመጨረሻ።

«ቀልዴን ነበር! ፈርቼ ነበር...»

ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ትከሻው ሲርገበገብ አየሁ። እጄን ልዘረጋ ስል ራቅ አለ።

«ሁለት ወር ሙሉ እጄን ሳየው እየቀፈፈኝ... እንጀራ የምበላበትን እጅ! እናትሽ በሕልሜ አውራ ጣታቸውን እያሳዩኝ...» ተነስቶ መስኮቱን ከፈተ። «ለወንድምሽ ነግረሽዋል?»

«አልነገርኩትም።»

«እንግዲያው ገና አልተናገርሽም» አለኝ። በሩን ከፈተልኝ።

የሚቀጥለው እሑድ ወንድሜንም ያን ቀን ለቅሶ ላይ የነበሩትን ጎረቤቶችም ቤቴ ጠራሁ። እሱን አልጠራሁትም፤ ምሕረት ልለምን እንዳይመስል። መሃል ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጨውን፣ ትሪውን፣ ላስቲኩን። እንዲመጣልኝ ብዬ ነው ስል አንዷ ሴትዮ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ለቅሶው ላይ ያን ያህል የጮኸው ወንድሜ አሁን አልጮኸም። ተነሳ፣ የእናታችንን ሻርፕ ከመስቀያው አወረደ፣ አጣጠፈ፣ ይዞት ወጣ።

«ጋሽዬ...»

«አትጥሪኝ።»

ያን ቀን ማታውኑ ጋራዡ ጋ ሄዶ «ቀስ በል» እግር ላይ ወደቀ አሉ። በሳምንቱ ሰዎች እያፈሩ፣ እየተቅለሰለሱ ያቺን የቆዳ ቦርሳ ፍለጋ ሄዱ።

እሱ ወደ ቤቴ የመጣው በወሩ ነው። ማንም ሳይጠራው። እንዲገባ ብለምነው ደጃፉ ላይ መቆም መረጠ።

«ስሜን መለስሽልኝ» አለ። «ከባድ እንደነበር አውቃለሁ። አመሰግናለሁ።»

«ስምህ ብቻ ነው የተመለሰው?»

ቶሎ አልመለሰልኝም። እሱ መቼ ቶሎ ያውቃል!

«እወድሻለሁ» አለኝ። በሽታውን እንደሚናገር ሰው አለው። «አሁንም እወድሻለሁ። ቀስ ብዬ አስቤበታለሁ፤ ልረሳው ብዬም ሞክሬ ነበር።»

«ታዲያ ለምን...»

«ወንድምሽ ሲጮህብኝ አንቺን አይቼሽ ነበር። ታምሜ ብጠራሽ ሥራሽን ጥለሽ እንደምትደርሺልኝ አውቃለሁ። በሐሰት ሲፈረድብኝ ግን ወለሉን ታያለሽ። አይቻለሁ። አብሬሽ ብኖር፣ በተጣላን ቁጥር ይሄ ነው የሚታየኝ። አንቺም ታውቂዋለሽ። እንዲህ ሆኖ አይኖርም።»

ይሳሳታል ማለት ፈለግኩ። ተለውጫለሁ ማለት ፈለግኩ። ግን ደግሞ ያ ሰው በኔ ምክንያት በቂ መከራ አይቷል።

«አልከራከርህም» አልኩት። «እኔም እወድሃለሁ። ከመጀመሪያው ነው ይሄን ማለት የነበረብኝ።»

እንባው በጉንጩ ወረደ፤ አልጠረገውም። ግንባሬን ሳመኝ። ከዚያ በዚያ ቀርፋፋ እርምጃው መንገዱን ተሻገረ። እስኪታጠፍ ድረስ ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀርፋፋነቱን ወደድኩለት።

አራት ዓመት ሆነው። ወንድሜ ባለፈው ዓመት መምጣት ጀምሯል፤ ሻይ ይጠጣል፣ እናታችን ክፍል ግን አይገባም። እኔ እዚያው እየሰፋሁ ነው። «ቀስ በል» ከተማ ቀይሮ፣ ትዳር ይዞ፣ ሴት ልጅ ወልዷል አሉኝ። የነገረችኝ ጎረቤት «ደስ አላለሽም?» ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«አላለኝም» አልኳት። ደስ ብሎኛል ብል እዋሻለሁ፤ ውሸት ደግሞ ትቻለሁ።